የአገር ዕዳ ከበቆሎ ማሳ የሚደርሰው በየት በኩል ነው?

ጥያቄ፦ «ጅማ ከተማ ውስጥ ዱቄት፣ ዘይትና ጥራጥሬ እየቸረቸርኩ የምተዳደር ሴት ነኝ። ቤተሰቦቼ ጎማ ወረዳ ቡና አላቸው። አገራችን የውጭ ዕዳዋን መክፈል እንዳቃታት፣ ቆይቶም ከአበዳሪዎች ጋር እንደተስማማች በዜና ሰምቻለሁ። ደንበኞቼ ዋጋ ለምን እንደጨመረ ሲጠይቁኝ የምመልሰው የለኝም። የመንግሥት ዕዳ የእኛን ማዕድ የሚነካው እንዴት ነው? እንደ ሱዳንና ስሪላንካ ባሉ ችግር ላይ በወደቁ አገሮችስ ዕዳና ረሃብ ለምን አብረው ይመጣሉ? ዕዳው ቢሰረዝ ረሃቡ ይቀራል?»

ምላሽ፦

መንግሥት ለውጭ አበዳሪዎች የሚከፍለው በአብዛኛው በዶላር ነው። ብር ቢጎድለው ከብሔራዊ ባንክ ሊበደር ይችላል፤ ዶላር ግን ወይ ሸጦ ማግኘት፣ ወይ ከውጭ መበደር፣ ወይ በእርዳታ መቀበል አለበት። የምሰጥዎት መልስ አብዛኛው ከዚህ ይነሳል። በግብርና ኢኮኖሚ ሙያ በጅማ ዙሪያ ወረዳዎች ስሠራ የማገኛቸው ሰዎች ዕዳን የሚያስቡት በበጀት በኩል ነው፤ መንግሥት ለዕዳ ይህን ያህል ከከፈለ ለትምህርትና ለጤና የሚተርፈው ያንሳል ይላሉ። እውነት ነው፤ እመለስበታለሁ። ወደ ማዕድ ፈጥኖ የሚደርሰው ግን በውጭ ምንዛሪ በኩል የሚመጣው ጉዳት ነው።

ኢትዮጵያ ዶላር የምታገኘው ከቡና፣ ከወርቅ፣ ከአበባ፣ ከአየር መንገድ አገልግሎት፣ በውጭ ያሉ ዜጎች ከሚልኩት ገንዘብ፣ ከእርዳታና ከብድር ነው። በዚያው ገንዘብ ነዳጅ ይገዛል፣ መድኃኒት ይገዛል፣ እርስዎ የሚቸረችሩት የፓልም ዘይት ይገዛል፣ ማዳበሪያና የወፍጮ መለዋወጫ ይገዛል፤ ዕዳም ይከፈላል። ለአበዳሪው የክፍያ ቀኑ በውል ተጽፎለታል፤ ቀኑ ካለፈ የአገሪቱ ስም በዓለም ገበያ ይጠፋል። ማሳው ማዳበሪያ የሚፈልግበት ቀን ግን በየትኛውም ውል ላይ አልሰፈረም። ስለዚህ ዶላር ሲያጥር ወረፋ እንዲጠብቅ የሚደረገው፣ ቢዘገይ ከሳሽ የሌለው ክፍያ ነው።

ማዳበሪያው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የጉዳዩ ሥር ያለው እዚያ ነውና። አገራችን የምትጠቀምባቸውን ኤንፒኤስና ዩሪያ የተባሉ ማዳበሪያዎች ከውጭ ነው የምታስገባው፤ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ። ግዥውን የሚፈጽመው የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ነው። ጨረታ ይወጣል፣ ኤልሲ (ባንክ ለሻጩ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ይከፈታል፣ መርከብ ይጫናል፣ ጅቡቲ ላይ ይራገፋል፣ ከዚያ ወደ ዩኒየን መጋዘን፣ ከዩኒየን ወደ መሠረታዊ ማኅበር፣ ከማኅበር ወደ ገበሬው ይሄዳል። ይህ ሁሉ ወራት ይፈጃል። ዶላር ጠፍቶ ኤልሲው ከዘገየ ተከታዩ ሁሉ ይዘገያል፤ ከመጨረሻው ጫፍ ላይ ያለው ገበሬ ደግሞ ዝናቡን ማዘግየት አይችልም።

በእኛ አካባቢ በቆሎ መዘራት የሚጀምረው ከሚያዝያ አጋማሽ ወዲህ ነው። ኤንፒኤሱ ከዘሩ ጋር አብሮ መሬት መግባት አለበት። ዩሪያው ደግሞ በቆሎው ጉልበት ሲደርስ፣ ከተዘራ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ይጨመራል። አሁን በቀርሳ ወይም በኦሞ ናዳ ያለ አንድ ገበሬ ያስቡ። ሰኔ መግቢያ ላይ ወደ ማኅበሩ መጋዘን ይሄዳል፤ አልደረሰም ይባላል። በሳምንቱ ይመለሳል፤ ለሦስት ሰው አንድ ከረጢት ይሰጣል። የቀረው ሐምሌ ሲገባ ይመጣል። በዚያን ጊዜ በበቆሎው የታችኛው ቅጠል ላይ ቢጫነት ከጫፉ ተነስቶ በመካከለኛው ጅማት በኩል ወደ አገዳው እየገባ ነው። ተክሉ ናይትሮጅን ከራሱ አሮጌ ቅጠል እየነጠቀ ለአዲሱ ይሰጣል ማለት ነው። ዘግይቶ የተጨመረውን ዩሪያም የሐምሌ ዝናብ ግማሹን አጥቦ ይወስደዋል። ገበሬው ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ግማሽ ጥቅም ያገኛል፤ የበቆሎው ራስ ያጥራል፣ ጫፉም ሳይሞላ ይቀራል።

ይህ ጉዳት በጊዜው ገበያ ላይ አይታይም። በጥቅምት መከፈት የነበረበት ኤልሲ በጥር ቢከፈት፣ የጎደለው በቆሎ የሚጎድለው በሚቀጥለው ኅዳር አዝመራ ሲሰበሰብ ነው፤ የእርስዎ ዱቄት ዋጋ ጠንክሮ የሚወጣው ደግሞ ከዚያም በኋላ፣ የገበሬው ጎተራ ባዶ በሚሆንበት ሰኔና ሐምሌ ነው። በሁለቱ መካከል ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ አለ። በዚያን ጊዜ የዶላሩን እጥረት የሚያስታውስ አይኖርም፤ ነጋዴው አከማችቶ ነው ይባላል። ደንበኞችዎ ሲጠይቁዎት የሚመልሱት ማጣትዎ አያስደንቀኝም፤ መንስኤውና ውጤቱ በጣም ተራርቀዋል።

መጠኑን በቁጥር እንየው። ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. በዓለም ገበያ የሸጠችው የመጀመሪያው የአንድ ቢሊዮን ዶላር ቦንድ (መንግሥት ወለድ ሊከፍል ቃል ገብቶ የሚሸጠው የብድር ሰነድ) ወለዱ በዓመት 6.625 በመቶ ነበር። በየስድስት ወሩ 33 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይከፈልበት ነበር። በታኅሣሥ 2016 ሳይከፈል ቀርቶ ዜና የሆነው ይኸው የአንድ ጊዜ ወለድ ነው። ዩሪያ በቶን 400 ዶላር ነው ብለን ብናሰላ፣ ይህ ገንዘብ ከ80 ሺህ ቶን በላይ ይገዛል፤ ከ1 ሚሊዮን 600 ሺህ የሚበልጥ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ማለት ነው። የዓለም ዋጋ ሲንር ደግሞ ስሌቱ ይከብዳል። በ2012 ዓ.ም. ከ250 ዶላር በታች የነበረው አንድ ቶን ዩሪያ፣ የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ከተጀመረ በኋላ በሚያዝያ 2014 ከ900 ዶላር አልፎ ነበር። በዚያው ወቅት የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ መጨመር ጀመረ፤ በዶላር የተበደሩ አገሮች በሙሉ አዲስ ብድር ተወደደባቸው። ማዳበሪያውና ወለዱ በአንድ ጊዜ ወጡ፣ የሚከፈሉት ግን ከአንድ ገቢ ነበር።

ታዲያ አለመክፈል አይሻልም ወይ? ብዙ ሰው ይህን ይጠይቀኛል። አለመክፈልም ዋጋ አለው። ዕዳውን ያቆመ አገር ባንኮች የከፈቱትን ኤልሲ የውጭ ባንኮች በቀላሉ አያምኑትም፤ ተጨማሪ ማረጋገጫ ይጠይቃሉ፣ ለማረጋገጫውም ይከፈላል። አቅራቢው ዕቃውን ከመጫኑ በፊት ገንዘቡን ይፈልጋል። ኢትዮጵያ ወለዱን ባልከፈለችበት ወቅት የነበራት የውጭ ምንዛሪ መጠባበቂያ የአንድ ወር ገቢ ዕቃ እንኳ የማይሸፍን ነበር፤ ቢከፈልም ባይከፈልም ከእጅ ወደ አፍ የሆነ ኑሮ ነው። ስለዚህ የሚጎዳው መክፈሉ ብቻ ወይም አለመክፈሉ ብቻ አይደለም። ሁለቱም ሳይሆን ለዓመታት መንጠልጠሉ ነው።

የጎማ ቤተሰብ ስላለዎት አንድ ነገር ያውቃሉ። ሐምሌ ላይ እህል ያለቀበት ቤት ቡናውን ገና በእንጭጩ ለአበዳሪ ይሸጣል፤ ኅዳር ላይ ጀንፈሉ (ከነገለፈቱ የደረቀው ቡና) ዋጋ ሲያወጣ ትርፉ የአበዳሪው ይሆናል፤ በሚቀጥለው ሐምሌም ያው ቤት ያው ደጃፍ ላይ ይቆማል። አገርም እንዲህ ትበደራለች። ቻድ ገና ያልወጣ ነዳጇን አስይዛ ከአንድ የሸቀጥ ነጋዴ ኩባንያ ተበደረች፤ እ.ኤ.አ. ከ2014 አጋማሽ ጀምሮ የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ ከጉድጓዱ የሚወጣው ገቢ ወደ ዕዳው ይሄድ ጀመር፣ መንግሥት ደመወዝ መክፈል ተቸገረ። ቻድ ዛሬ ከሱዳን ጦርነት የሚሸሹ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ተቀብላ የምታበላ አገር ናት።

ወደ አገራችን ልመለስ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። በዚያው ዕለት ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር የአራት ዓመት የብድር ፕሮግራም አጸደቀ። ሁለቱ በአንድ ቀን የሆኑት በአጋጣሚ አይደለም። አበዳሪ መንግሥታት ዕዳ ለማሸጋሸግ የድርጅቱን ፕሮግራም ይጠይቃሉ፤ ፕሮግራሙ ደግሞ የምንዛሪ ለውጡን ይጠይቃል። 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፣ ውሎ አድሮም 120ን ተሻገረ። አሁን ከረጢቱን ያስቡ። በቶን 400 ዶላር የሆነ ዩሪያ ባለ 50 ኪሎው ከረጢት 20 ዶላር ነው። በ57 ብር 1,140 ብር፤ በ120 ብር 2,400 ብር ይሆናል። ትራንስፖርቱና የማኅበሩ ወጪ አልገባበትም። የዓለም ዋጋው ሳይነቃነቅ ከረጢቱ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። መንግሥት ልዩነቱን በከፊል በድጎማ ሸፍኗል፤ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር ብዬ አምናለሁ፣ ድጎማው ከቀነሰ ደግሞ በመጀመሪያ የሚጎዳው ግማሽ ከረጢት ለመግዛት የሚበደረው ገበሬ ነው።

እርስዎ ነጋዴ ስለሆኑ አንድ ልዩነት ሳያስተውሉ አልቀሩም። ዘይት እንደ ማዳበሪያው በእጥፍ አልጨመረም። ምክንያቱ፣ ከለውጡ በፊትም ብዙው አስመጪ ዶላሩን ከባንክ አያገኝም ነበር። በፍራንኮ ቫሉታ (አስመጪው ከባንክ ውጭ ራሱ ባገኘው ዶላር) ወይም በጥቁር ገበያ ዋጋ የመጣው ዘይት የእርስዎ መደርደሪያ ላይ ሲደርስ ዋጋው በጥቁር ገበያው ተሰልቶ ያበቃለት ነበር። በመንግሥት ምንዛሪ ይገቡ የነበሩት ማዳበሪያ፣ ነዳጅና መድኃኒት ናቸው፤ ትልቁ ለውጥ የወረደው በእነሱ ላይ ነው። «ዶላሩ በእጥፍ ጨመረ፣ ስለዚህ ሁሉም በእጥፍ ይጨምራል» ብለው የሚነግሩዎትን ጅምላ አከፋፋዮች በዚህ መጠየቅ ይችላሉ።

ቡናውስ? ለጅማ ሰው ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። ቀድሞ ላኪው ያገኘውን ዶላር አብዛኛውን በመንግሥት ምንዛሪ እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር፤ ከጥር 2014 በኋላ 70 በመቶው በቀጥታ ለብሔራዊ ባንክ ይገባ ነበር። የአገሪቱን ዕዳና ግዴታ የሚሸፍነው ይኸው ዶላር ነው። ስለዚህ የሊሙና የጎማ ገበሬ በአንድ ወገን ለአገሪቱ ዕዳ ከፋይ ሆኖ ኖሯል ማለት ይቻላል፤ ማንም በዚህ ስም ባይጠራውም። አንዳንድ ላኪዎች ቡናን በኪሳራ ጭምር እየሸጡ፣ ለራሳቸው በተተወችላቸው ጥቂት ዶላር ሌላ ዕቃ አስመጥተው ያካክሱ ነበር። ከለውጡ በኋላ ላኪው ከገቢው ግማሹን መያዝ ተፈቀደለት፣ የቀረውንም በገበያ ዋጋ ይመነዝር ጀመር። የዓለም የአረቢካ ዋጋም በየካቲት 2017 በፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ገደማ) ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ክብረ ወሰን ሰበረ። አገሪቱ በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ያገኘችው ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። የጀንፈል ዋጋ ስለጨመረ ቡና ያለው ቤት ተጠቅሟል፤ ይህን መካድ አይገባም።

የተጠቀመው ግን ቡና ያለው ብቻ ነው። በጅማ ከተማ በወር ደመወዝ የሚኖረው መምህር፣ በቀን ሥራ የሚያድረው ወጣት፣ ቡና ለቃሚዋ እናት በብር ይከፈላቸዋል። እነሱ የገዙት ዱቄት፣ የተሳፈሩበት መኪና፣ የታከሙበት መድኃኒት ዶላሩን ተከትሎ ሄደ፤ ደመወዛቸው ግን በቦታው ቆመ ወይም ዘግይቶ ጥቂት ጨመረ። ከደንበኞችዎ አብዛኞቹ እነዚህ ይመስሉኛል። ቡና ያለው ቤተሰብም ቢሆን እህል ገዢ ነው። ገንዘቡን ከኅዳር እስከ ጥር ያገኛል፤ ጣራ ይቀይርበታል፣ ልጅ ይድርበታል፣ ዕዳ ይከፍልበታል፤ ሰኔ ሲመጣ ከገበያ በቆሎ ይገዛል። በዚህ ረገድ የደቡብ ምዕራቡ ሰው አንድ መከታ አለው። ጎደሬውና እንሰቱ ዶላር አይጠይቁም። በጓሮው እንሰት ያለው ቤት የማዳበሪያ መርከብ ቢዘገይ ጦሙን አያድርም። ሁሉንም ነቅሎ ቡና ወይም ጫት ብቻ የሚተክል ገበሬ ሳይ የምጨነቀው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሌሎቹ አገሮች። ስሪላንካ የዶላር እጥረት ማሳን እንዴት እንደሚመታ ግልጽ አድርጋ አሳይታለች። መንግሥቷ እ.ኤ.አ. በ2021 የጸደይ ወራት የኬሚካል ማዳበሪያ እንዳይገባ በድንገት ከለከለ። ይፋዊው ምክንያት የተፈጥሮ ግብርና ነበር፤ የውጭ ምንዛሪዋ እየደረቀ መሄዱም በዚያን ጊዜ ይታወቅ ነበር። ሩዝ ራሷን ችላ የኖረች አገር በወራት ውስጥ ሩዝ ከውጭ መግዛት ጀመረች፣ ዶላር የሚያስገባላት የሻይ ምርትም ተጎዳ። እገዳው በኅዳር ወር ቢላላም ዘሩ መሬት ገብቶ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) የውጭ ዕዳ መክፈል አቆመች። በዚያው ዓመት መስከረም በኮሎምቦ የምግብ ዋጋ ከአንድ ዓመት በፊት ከነበረው ከ90 በመቶ በላይ ጨምሮ ተገኘ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም ባደረጉት ግምገማ 6.3 ሚሊዮን ሰው፣ ከአሥሩ ሦስት ያህሉ፣ የምግብ ዋስትና አጥቶ ነበር። በአገሪቱ ጦርነትም ትልቅ ድርቅም አልነበረም።

ሊባኖስ ከዚህ ትለያለች፤ ስንዴዋን በአብዛኛው ከውጭ ስለምትገዛ ማሳን አልፎ በቀጥታ ዳቦ ቤት ነው የደረሰባት። መጋቢት 2020 (እ.ኤ.አ.) የ1.2 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ሳትከፍል ቀረች። በነሐሴው የቤይሩት ወደብ ፍንዳታ ትልቁን የእህል ጎተራዋን አጠፋው። ገንዘቧ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ95 በመቶ በላይ ዋጋውን አጣ።

ሱዳን ግን ሌላ ነገር ናት፤ እዚህ ላይ ጠንቃቃ መሆን ያስፈልጋል። በሱዳን ሰውን ያስራበው ጦርነቱ ነው። ሚያዝያ 2023 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው ውጊያ የገዚራን የመስኖ እርሻ አወከ፣ መንገድ ዘጋ፣ የእርዳታ መኪና አስቆመ፤ ነሐሴ 2024 ኤል ፋሸር አጠገብ ባለው የዘምዘም መጠለያ ረሃብ መግባቱ በይፋ ተረጋገጠ። ይህን በዕዳ ላይ ማሳበብ ጥይቱን የተኮሱትን ነጻ ማውጣት ይሆናል። የዕዳው ሚና ቀድሞ ነው የተጫወተው። ሱዳን ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ነበረባት፤ አብዛኛው ለዓመታት ሳይከፈል የቆየና ወለድና ቅጣት የተደረበበት ነው። በዚህ ምክንያት ለአሥርተ ዓመታት በዝቅተኛ ወለድ መበደር አልቻለችም፤ መስኖዋን የምታድስበት፣ ጎተራ የምትሠራበት ገንዘብ አላገኘችም። ሰኔ 2021 ለዕዳ ቅነሳ ብቁ ተብላ ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት መፈንቅለ መንግሥት ተካሄደና ሁሉም ቆመ። ጦርነቱ ሲመጣ ያገኘው ምንም መጠባበቂያ የሌለው አገር ነው።

በችግር ውስጥ ባሉ አገሮች ዕዳና ረሃብ አብረው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ጦርነት ወይም ድርቅ ይመታል፤ ጥሩ ጊዜ ላይ ያለ አገር በእንዲህ ያለው ወቅት ይበደራል፣ እህል ያስገባል፣ ለተጎዳው ያከፋፍላል፣ ኋላ ይከፍላል። በዕዳ የተያዘው ይህን ማድረግ አይችልም፤ አበዳሪ የሚያስፈልገው ቀን አበዳሪ የሚሸሽበት ቀን ነው። በ2024 (እ.ኤ.አ.) በ53 አገሮች ከ295 ሚሊዮን በላይ ሰው ለከፋ የምግብ እጥረት ተጋልጦ ነበር። ከእነዚህ አገሮች የብዙዎቹ ስም በዕዳ ዜናም ደጋግሞ ይነሳል።

በጀቱን እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ በ2023 (እ.ኤ.አ.) እንዳስቀመጠው 3.3 ቢሊዮን ሰው የሚኖረው መንግሥቱ ለትምህርት ወይም ለጤና ከሚያወጣው የበለጠ ለዕዳ ወለድ በሚያወጣበት አገር ነው። በእኛ አገር ይህን ከምግብ ጋር የሚያገናኘው የሴፍቲኔት ፕሮግራሙ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ስምንት ሚሊዮን ለሚደርስ ሰው ጥሬ ገንዘብ ወይም እህል ይሰጣል። ክፍያው በብር ሲሆን ዋጋ በናረ ቁጥር የሚገዛው እህል ይቀንሳል፤ ለማስተካከል ተጨማሪ በጀት ያስፈልጋል፣ በጀቱ ደግሞ ተይዟል። መንግሥት የጎደለውን ከብሔራዊ ባንክ ሲበደር የዋጋ ንረቱ ይጨምራል፤ በ2014 ዓ.ም. ንረቱ ከ30 በመቶ ሲያልፍ ያየነው የዚህም ውጤት ነው።

ዕዳው ቢሰረዝስ? ስረዛ እንደሚጠቅም ከራሳችን ታሪክ እናውቃለን። ኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. ለከባድ ባለዕዳ ድሆች አገሮች በተዘጋጀው ዕቅድ ዕዳዋ ተቀንሶላት ነበር። በቀጣዮቹ ዓመታት ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ በብዛት ተሠራ። ሆኖም በአሥር ዓመት ውስጥ እንደገና ተበደርን፤ ለባቡር፣ ለስኳር ፋብሪካ፣ ለኃይል ማመንጫ። መበደሩን አልነቅፍም፤ መብራትና መንገድ ያለ ብድር አይሠራም። የምነቅፈው፣ የተበደርነው በዶላር ሆኖ ብዙዎቹ ፕሮጀክቶች ዶላር የማያስገቡ መሆናቸውን ነው። ከቦንዱ ገንዘብ ድርሻ የነበራቸው የስኳር ፕሮጀክቶች ተጀምረው ተጓተቱ፤ ገበያው ላይ ከውጭ የመጣ ስኳር መሸጡም ቀጠለ። ሶማሊያ በታኅሣሥ 2023 (እ.ኤ.አ.) 4.5 ቢሊዮን ዶላር ተሰርዞላት ዕዳዋ ከአገር ውስጥ ምርቷ ከ6 በመቶ በታች ወርዷል። ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ከዓለም ባንክና ከሌሎችም በመደበኛ መንገድ ገንዘብ ማግኘት ችላለች። በባይዶዋ ዙሪያ ዝናብ ካልዘነበ፣ መንገዱም ካልተከፈተ ግን ረሃቡ አይቀርም። ስረዛ እህል አያበቅልም፤ እህል ለማብቀል የሚያስችል ዶላር ይለቃል። ዶላሩ ለምን ዋለ የሚለው ቀጣዩ ጥያቄ ነው፣ መልሱም የአገሬው ነው።

በእኔ እይታ ትልቁ ጥፋት ያለው በድርድሩ ፍጥነት ላይ ነው። ኢትዮጵያ ቡድን 20 የተባሉት ባለ ትልቅ ኢኮኖሚ አገሮች ለድሆች አገሮች ዕዳ ባዘጋጁት የጋራ ማዕቀፍ ዕዳዋ እንዲሸጋሸግ ያመለከተችው በ2013 ዓ.ም. ነው። ቻይናና ፈረንሳይ በጋራ ከሚመሩት የአበዳሪ መንግሥታት ኮሚቴ ጋር በ8.4 ቢሊዮን ዶላር ላይ በመርህ ደረጃ የተስማማችው በመጋቢት 2017 ነው። የቦንድ ባለቤቶቹ ድርድር ከዚያም በኋላ ቀጠለ። የሰሜኑ ጦርነት ለመዘግየቱ ድርሻ አለው፤ ግን ጦርነቱ ካበቃ በኋላም ከሁለት ዓመት በላይ አልፏል። በእነዚህ ዓመታት አራት መኸር ተሰበሰበ። አበዳሪዎች ስብሰባ ሲያራዝሙ የሚያጡት ነገር ትንሽ ነው፤ ያልተከፈለው ወለድ ተደምሮ ይቆያል። ገበሬው ያለ ዩሪያ ያሳለፈው ዓመት ግን ተደምሮ አይቆይለትም። ዛምቢያ ደግሞ በ2020 (እ.ኤ.አ.) መክፈል አቁማ የቦንድ ባለቤቶቿን ስምምነት የጨረሰችው በ2024 ነው፤ በዚያው ዓመት በአሥርተ ዓመታት ያልታየ ድርቅ መታትና ከተዘራው በቆሎ ግማሽ ያህሉ ጠፋ። በአዲሱ ስምምነት ከቦንዶቹ አንዱ ኢኮኖሚዋ ከተሻሻለ የበለጠ እንድትከፍል ያስገድዳል። የደስታዋን ዓመት ለመጋራት አንቀጽ ተጽፎለታል። ባርቤዶስ በበኩሏ ዕዳዋን ስታሸጋሽግ አውሎ ነፋስ ከመታት ክፍያው ለተወሰነ ጊዜ እንዲቆም አስጽፋለች። ስለዚህ የሚቻል ነው፤ ለዛምቢያ ድርቅ እንዲህ ያለ አንቀጽ ያልተጻፈው መጻፍ ስለማይቻል አይደለም።

ሌላም መንገድ አለ። ሩሲያ ከሞዛምቢክ ላይ ያላትን 40 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ ለመቀበል ትታ ገንዘቡ በዓለም የምግብ ፕሮግራም በኩል ለተማሪዎች ምገባ እንዲውል ተስማምታ ነበር። መጠኑ ትንሽ ነው፣ የአገር ዕዳ አያቃልልም፤ ለብዙ ተማሪዎች ምሳ ግን በቂ ነው። እኔ ብጠየቅ የማስቀድመው ከዚህ የቀለለ ነገር ነው፤ በየዓመቱ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ግዥ ዶላር ከዕዳ ክፍያ አስቀድሞ ተለይቶ ይቀመጥ፣ ይህም ከአበዳሪዎች ጋር በሚፈረመው ሰነድ ውስጥ ይግባ። የሚያርስ ባለዕዳ ከማያርሰው ይልቅ እንደሚከፍል አበዳሪዎቹም ያውቃሉ።

ለደንበኞችዎ ምን ይበሉ? ስምምነቱ የዛሬውን ዋጋ አያወርደውም፤ ጥቅሙ ወደፊት የሚወጣውን ዶላር መቀነሱ ነው። ዘይቱና ስኳሩ ምንዛሪውን ተከትለው ይሄዳሉ፤ ባንኮች በየቀኑ የሚያወጡትን ተመን ማየት ይበቃል። በቆሎውና ጤፉ ግን የሚከተሉት ዝናቡንና ማዳበሪያውን ነው። ስለዚህ በጥርና በየካቲት ጎማ ያሉትን ቤተሰቦችዎን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፤ ማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ኤንፒኤስ ገብቷል ወይስ አልገባም? ሚያዝያ ላይ ደግሞ ዩሪያው ስንት ብር እንደተተመነና ገበሬው ሙሉ ከረጢት ወይስ ግማሽ እንደወሰደ ይጠይቁ። ኤንፒኤሱ በየካቲት ካልገባ፣ ወይም ገበሬው በዋጋው ምክንያት ግማሽ ከወሰደ፣ በቀጣዩ ዓመት ሰኔ የበቆሎ ዱቄት ሊወደድ ይችላል፤ አቅምዎ በፈቀደ መጠን በታኅሣሥና በጥር፣ አዲሱ እህል ገበያ በሞላበት ጊዜ፣ ከገበሬዎች ማኅበር በቀጥታ ቢገዙ ለእርስዎም ለደንበኞችዎም ይሻላል።